ሁለት ጣት ፍሬን

ሞተሬን አቁሜ ገና ሳልወርድ መካኒኩ ቀኝ እጁን ሰዶ የፊት ፍሬኑን ያዘ። አልጨመቀውም። ሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን እጀታው ጫፍ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ሳበው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ሳበው። ዓይኑ ፍሬኑ ላይ አልነበረም። ፊቱን ያዞረው መንገድ ማዶ ገብስ ተጭነው ወደቆሙት አህዮች ነው፤ ግን እነሱንም አያያቸውም። የልብ ምት የሚያዳምጥ ሐኪም ግድግዳ ላይ አፍጥጦ እንደሚቀረው ነበር። በአራተኛው ስቦ ያዘውና ቆየ። በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። እጀታው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«አየር ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ጎሚኒው ደህና ነው።»

ምን እንዳደረገ የገባኝ ኋላ ሲያስረዳኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስበቶች አየሩን ለመፈለግ ነበሩ። አየር የያዘ ፍሬን እጅ ላይ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ይሆናል፤ ቶሎ ቶሎ ሲስቡት ደግሞ ትንሽ ጠጠር ይላል። ያ ረጅም መያዝ ግን ሌላ በሽታ ፍለጋ ነው። እጀታው ሥር ባለው ፖምፓ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ በጎኑ እየሾለከ እጀታው ከጣቱ ሥር ቀስ እያለ ይሰምጥ ነበር። ቀጥሎ በግራ እጁ የፍሬኑን ቱቦ ጨበጥ አድርጎ በቀኙ አንዴ ሳበ፤ ቱቦው አርጅቶ ግፊት ሲያገኝ የሚነፋ ከሆነ መዳፉ ይነግረዋል። አልተነፋም። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ቁልፍ ሳያነሳ፣ ከሦስት ተጠርጣሪ ሁለቱን አሰናብቶ አንዱን ያዘ።

ቦታው መሃል ሜዳ ነው፤ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ፣ ወደ ጓሳ ሣር ሜዳ የሚወጣ ሰው የሚያድርባት። ወሩ ኅዳር። ከደብረ ብርሃን ስነሳ ፍሬኑ ላላ ብሎ ነበር፤ ጣርማ በርን፣ መዘዞን አልፌ ሞላሌ ስደርስ እጀታው የመሪውን ላስቲክ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከሁለት ሳምንት በፊት በሌላ ከተማ የፊት ፍሬኑን ሸራ አስቀይሬ ነበር። ያኔ የሠራልኝ ሰው ቸኩሎ ነበር፤ እኔም አብሬ ቸኩያለሁ። በቀረው መንገድ በእግር ፍሬን ብቻ ነው የመጣሁት። በገጠር ብዙ ሞተረኛ ጠጠር ላይ እንዳይጥለው ፈርቶ የፊት ፍሬኑን አይነካውም፤ ስለዚህ ሲበላሽም ቶሎ አያውቅም። ነገር ግን ሞተር በኃይል ሲያዝ አብዛኛው ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይጫናል፤ ከማቆሙ ሥራ እጅግ የሚበዛውን የሚሠራውም የፊቱ ነው። ያ ፍሬን በሌለበት ቁልቁለት መውረድ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ።

ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፓስካል እንዳስተዋለው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲገፉት ግፊቱን ሳይቀንስ ወደ ሁሉም ጎን ያደርሰዋል። ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር ከፊት የዘይት ዲስክ ፍሬን ገጥሞ ለሕዝብ ገበያ ካወጣ ወዲህ ይህ አሠራር በዓለም ሁሉ ተለመደ። እጀታው ሥር ያለው ፖምፓ ፒስተኑ ከትንሽ ጣት አይወፍርም። ሙሉ ስበት የሚገፋው ዘይት ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የዚያን ሲሶ የሚያህል አየር ቱቦው ውስጥ ካለ፣ ጣታችን የሚለፋው አየሩን ለመጭመቅ ነው፤ ዲስኩ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። መካኒክ ከዚህ ቱቦ ውስጥ የሚያወጣው እንግዲህ ክብደቱ የማይሰማ፣ ቀለም የሌለው፣ ወጥቶ ሲያልቅም «ይኸው» ተብሎ የማይታይ ነገር ነው።

ጋራዡ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኑ ሸራ ነው። ሥራው የጀመረው በውሃ ነበር። ረዳቱን ልጅ በጆግ ውሃ አስመጥቶ የዘይቱን ቋት ክዳን፣ ዙሪያውን፣ የእጀታውን መገጣጠሚያ አጠበ፤ በጨርቅ አደረቀ፤ ጨርቁን ገልብጦ እንደገና አደረቀ። ካቻቪቴ ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። «ክዳኑን ስከፍት ያለው አቧራ ሁሉ ይገባል» አለኝ። ክዳኑን የሚይዙት ሁለት ቪቴዎች ለስላሳ ናቸው። ያ የቸኮለው ሰው አንዱን ጭንቅላቱን በልቶት ነበር። ይኸኛው ካቻቪቴውን ቀጥ አድርጎ አስገባና ጀርባውን በመዶሻ አንዴ ብቻ መታው። ቪቴው በመመታቱ ከተጣበቀበት ላላ፤ ሲያዞረው ሳይንሸራተት ወጣ። ሁለቱን ቪቴዎች በማግኔት ላይ አስቀመጠ፤ የተበላውን ለይቶ፣ በሌላ ሊተካው።

ከክዳኑ ሥር ያለውን ስስ ላስቲክ ሲያነሳ ዘይቱን አየሁት። አዲስ የፍሬን ዘይት ብርዝ ይመስላል፤ የኔ ቡና መስሎ ነበር። ይህ ዘይት ውሃ ይጠጣል። ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ወደ ራሱ ያስገባል፤ ስለዚህ ነው ክፍት መተው የሌለበት። ጠርሙሱ ላይ ዶት 4 የሚል ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። መንዝ ክረምቱን በጭጋግ የሚያሳልፍ አገር ነው። ከዚህ ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሞተረኛ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነስቶ ፍሬኑን ይዞ ይዞ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ይዘልቃል። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ያረጀ ዘይት እዚያ ቁልቁለት ላይ ቢፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ጓሳ ከፍታ ላይ ውሃ ራሱ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 89 ገደማ ላይ እንደሚፈላ ባቄላ የሚቀቅሉ እናቶች ቁጥሩን ሳያውቁ ያውቁታል።

መደርደሪያው ላይ ግማሽ የቀረው ጠርሙስ ነበር። አነሳው፣ ወደ ብርሃን አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ይሄ ብረት ማላቀቂያ ነው የሚሆነው» አለና ልጁን ወደ ሱቅ ልኮ ትንሽ አዲስ ጠርሙስ አስመጣ። ማሸጊያውን የቀደደው ከፊቴ ነው። እንዳላወቀ ቢጠቀምበት ኖሮ እኔ በምን አውቅ ነበር?

ከቋቱ ግርጌ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ ይታያል፤ ሌላው በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስላል። እጀታው ሲለቀቅ ዘይት ወደ ላይ የሚመለሰው፣ አረፋም የሚያመልጠው በዚያች በትንሿ ነው። ዝቃጭ ከደፈናት ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። አሮጌውን ዘይት በስሪንጅ መጥጦ በስልኩ መብራት ፈለጋት። ከዚያ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ክር ሽቦ መዘዘ፣ በጣቶቹ አቀናት፣ ትንፋሹን ይዞ አስገባት። ሌላ ሰው ቢሆን ስፒል ይፈልግ ነበር፤ ስፒል ግን ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ሽቦዋ ጫፏ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የማያህል ጥቁር ነገር ይዛ ወጣች። ለልጁ አሳየው። ልጁ ሽቦዋን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋና ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

ሲሠራ የሚጠራቸውን ዕቃዎች እሰማ ነበር፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ከመነዳሪ። ሁሉም ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣርማ በርን ዋሻ የሸነቆሩት ሰዎች መኪናቸውንም የመኪናቸውንም ቋንቋ ይዘው ነበር የመጡት። ሰዎቹ ሄዱ፤ ቃላቱ ግን አማርኛ ተናጋሪ እጅ ላይ ቀርተው አሁን ማንም ባዕድ አይላቸውም።

ሮንዴላዎቹን ነው ዘርዝሬ ላወራቸው የምፈልገው። ቱቦው ከፖምፓው ጋር የሚገናኝበት ቡሎን ከላይም ከታችም የመዳብ ሮንዴላ አለው። ሲጠብቅ መዳቡ ትንሽ ተጨፍልቆ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ዘይት አያስወጣ፣ አየር አያስገባ። አንዴ የተጨፈለቀ መዳብ ግን ይደነድናል፤ እንደገና ሲያስሩት ከብረቱ ጋር አይስማማም። የኔ ቡሎን ዙሪያው እርጥብ ነበር። አዲስ ሮንዴላ መሃል ሜዳ ላይ ያን ቀን አልተገኘም። መካኒኩ ሁለቱን በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ ጎረቤት ቡና የምታፈላ ሴት ጋ ሄደ። «እሳትሽን ላንድ አፍታ» አላት፤ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ጀበናዋን ገለል አደረገችለት። ከሰሉን አራገበላት። መዳቡ መጀመሪያ የዶሮ አንገት ላባ የሚመስል ቀለም አወጣ፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ከዚያ ጠቆረ። በመጨረሻ እንደ ፍም ቀላ። ወዲያው ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ጭስስ አለ።

እኔ ሳድግ የማውቀው የባለ እጅን ሥራ ነው፤ የማረሻ ጫፍ ግሎ ውሃ ሲነከር ይጠነክራል። መዳብ ግን ተቃራኒ ነው፤ ግሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ከውሃው አውጥቶ መስተዋት ላይ ዘርግቶት በነበረ የብርጭቆ ወረቀት ላይ በአንድ ጣት እየተጫነ ክብ ክብ አዞራቸው። ጥቁሩ ቅርፊት ለቀቀና ሥሩ ሮዝ የሆነ መዳብ ወጣ፣ ገና ከፋብሪካ የመጣ ይመስል። በጥፍሩ ጫረው፤ ጥፍሩ ምልክት ተወበት። ራሱን ነቀነቀ። ቡሎኑን ሲያስር ረጅሙን ቁልፍ ትቶ አጭሩን ነው ያነሳው፤ እሱንም በሁለት ጣትና በአውራ ጣቱ ነው የያዘው። መዳቡ ሲሸነፍ የሚሰማ ነገር አለ ይላል፤ ቡሎኑ መጀመሪያ ይገፋል፣ ከዚያ ትንሽ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። እዚያ ማቆም ነው።

ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀውን ካሊፐር ፈትቶ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠበ። ቤንዚን ቀርቦለት እንቢ አለ፤ ቤንዚን ጎሚኒ ያሳብጣል። ካሊፐሩ ውስጥ ፒስተኑን የሚያቅፍ ጎሚኒ አለ፤ ሲቆረጥ አራት ማዕዘን ነው እንጂ ክብ አይደለም። ፍሬኑ ሲያዝ ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ሲገፋ ጎሚኒው አብሮ ይጣመማል፤ ሲለቀቅ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። ከሚሊ ሜትር ያነሰችውን ያቺን መመለስ የሚሠራት የላስቲኩ አራት ማዕዘንነት ብቻ ነው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ፤ አንድ ሰው ስለሚያከብረው ሰው ሲያወራ እንደሚለወጠው።

አየር ማውጣቱ ከዚያ ቀጠለ። ብዙ ጊዜ ያየሁት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ዘይት ቋቱ ላይ እየጨመሩ፣ እጀታውን እየሳቡ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ በቁጥር 8 ቁልፍ ከፈት ዘጋ እያደረጉ። እሱ ግን ከታች ጀመረ። አየር ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል፤ ለምን ወደ ታች እንገፋዋለን? አዲሱን ዘይት በትልቅ ስሪንጅ ቀዳ፤ ስሪንጁን ሽቅብ አቁሞ እንደ ነርስ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው፤ አረፋው ወጣ። ጫፉ ላይ የግሉኮስ ቱቦ ሰካ፣ ቱቦው እስከ አፉ ዘይት እስኪሞላ ገፋ፣ ከዚያ ነው ማስተንፈሻዋ ላይ ያስገባው። ሞተሩ በጎን መቆሚያው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ መሪውንም ወደ ግራ አጠፈው፤ በቀኝ በኩል ያለው ፖምፓ ከሁሉም ከፍ አለ። ስሪንጁን በአውራ ጣቱ ሲጫን እጁ የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር። ልጁ ቋቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ።

«መጣ» አለ ልጁ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዚያች በመርፌ ጫፍ ቀዳዳ የገብስ ቅንጣት የሚያህል አረፋ ብቅ አለ፣ ተንገዋለለ፣ ፈነዳ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ሦስት ተከታተሉ። ከዚያ ምንም። ከዚያ እንደ ጠላ አረፋ የደቀቁ፣ ዓይን ካላጠበቡ የማይታዩ።

ማስተንፈሻዋን ዘግቶ እጀታውን እንድስበው ጋበዘኝ። ሳብኩት። ደርቋል። የሚቀር ነገር አልታየኝም፤ ቀበቶዬን ላጠብቅ ተነሳሁ። እሱ በሁለት ጣቱ ሳበና «ገና ነው» አለ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ምንም አልተሰማኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት መጨረሻውን ነው» አለኝ። «መጨረሻው ሁልጊዜም ይደርቃል። ሸራው ዲስኩን የሚነካባትን ቅጽበት ይያዙ። እዚያች ላይ ትንሽ ልስልስ ትላለች።»

ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው አገኘኋት። ምሳሌ ልስጣት ብል የምታክል የለም፤ ምናልባት ትኩስ እንጀራ ዳርና መሃሉን በጣት ሲነኩ ያለው ልዩነት። እሷን ከሰማሁ በኋላ ያለ እሷ መሳብ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ሰዓት የፈጀና ለማየት ምንም ያልነበረው ሥራ ነው። ቱቦውን ከታች ጀምሮ በካቻቪቴው እንጨት እጀታ ጠክ ጠክ ያደርጋል፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ አረፋ እንዲላቀቅ። ከዚያ እጀታውን በገብስ ቅንጣት ያህል ብቻ ይስባል፣ ይለቃል፣ ይስባል፣ ይለቃል፤ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ሳትዘጋ አረፋው በእሷ እንዲያመልጥ። ልጁ አረፋ ሲያይ ጣቱን ያነሳል። ደጅ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞረች፣ ቡና አፍይዋ ዕቃዋን ሰበሰበች። ሌላ ሞተረኛ መጥቶ ጎማ እንዲነፋለት ጠየቀ፤ መካኒኩ ልጁን ላከና ራሱ ካለበት አልተነሳም።

ሲመሽ አንድ ነገር ቀረው። ከአሮጌ ከመነዳሪ በጣት ስፋት የተቆረጠ ሪባን ከግድግዳ ሚስማር አወረደ፤ እጀታውን ስቦ ከመሪው ጋር ጠፍንጎ አሰረው። «ይደር» አለ። ግፊቱ የቀሩትን አረፋዎች ያሳንሳቸዋል፤ ያነሰ አረፋ ከተጣበቀበት ለቆ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲፈታ በቀዳዳዋ ያመልጣል።

ያን ሌሊት ያደርኩት የሳር ክዳን ያለው ቤት ውስጥ ነበር። መንዝ ባና የሚባለው የበግ ጸጉር ብርድ ልብስና የገመድ አገር ነው፤ የጓሳው ሣር ደግሞ ለክዳኑም ለገመዱም ይሆናል። ሣሩ የሚታጨድበት ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት። ቀሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ሣሩ እስኪጎለምስ ለዓመታት ይዘጋ፣ ቀን ተቆርጦ ይከፈት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ከፈረሰ በኋላም ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ ያዘው። ጣራውን ከውስጥ አየሁት። ሣሩ በእፍኝ በእፍኝ ተነጥፎ በራሱ በሣሩ ገመድ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ እያንዳንዱ በሚቀጥለው እፍኝ ሥር ተደብቋል። ከደጅ ሲያዩት አንድም ቋጠሮ አይታይም። ይህን የሠራ ሰው እጅና የዚያ መካኒክ እጅ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚጨርሱት ሥራቸው እንዳይታይ አድርገው ነው። ክረምት መጥቶ ጠብታ ሳይወርድ ሲቀር ነው ከዳኙ የሚታወሰው፤ ያም ከታወሰ።

ጠዋት ውርጭ ነበር። የጋራዡ ቆርቆሮ ነጭ ሆኗል፤ የሞተሩ ወንበር ላይ በጣት ስም ሊጻፍ ይችላል። መካኒኩ እጁን በብብቱ አሙቆ ሪባኑን ፈታ። ክዳኑን ሲከፍት ልጁ ቀድሞ አጎነበሰ። ሁለት ደቃቅ አረፋዎች ብቅ ብለው ጠፉ። ዘይቱ በፀጉር ያህል ወርዶ ነበር፤ ሞላው፣ ላስቲኩን በትክክል አስተኛ፣ ክዳኑን በአዲሱ ቪቴ አሰረ። ቀለሙ ላይ ጠብታ እንዳይቀር የቤንዚን ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ ሁለቴ ጠረገ፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ሪባኑን ጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ መለሰ።

ከዚያ ሁለት ጣቱን እጀታው ላይ አሳረፈ፤ እንደ ትናንቱ አህዮቹ ወደቆሙበት ባዶ ቦታ እያየ። አንዴ ሳበ። አልደገመም። ለልጁ ቦታ ለቀቀለት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ፤ ቆየ፤ «የለም» አለ።

ከመሃል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ አንድ ኩርባ ዞሬ ቁልቁል ስመለከት መንገዱን በጎች ሞልተውት ነበር፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጸጉራቸው ላይ ውርጩ ገና ያልቀለጠ። በሁለት ጣት ሳብኩ። ሸራው ዲስኩን የነካባት ቅጽበት ታወቀችኝ፤ ልስልስ አላለችም። የፊት ጎማው ጠጠሩን ሳይበትን ቆመ። እረኛው ሕፃን ልጅ ነው፤ ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ጅራፉን ከትከሻው አውርዶ እጅ ነሳኝ። ሞተሩን አጥፍቼ በጎቹ እስኪያልፉ ጠበቅሁ።